ከአክሰስ ወደ ወርድ ደብዳቤ የሚያወጣ ኮድ እምቢ ሲል፦ ደረጃ በደረጃ መፈተሻ

«ኮዱ ትናንት በደንብ ይሠራ ነበር። ምንም አልነካሁም። ዛሬ ግን እምቢ አለ።» እየተመላለሰ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። የሠራተኞች ወይም የተማሪዎች መረጃ አክሰስ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) ውስጥ አለ። አንድ በተን ሲጫን ደብዳቤው ወርድ ላይ ተሞልቶ መውጣት አለበት። አሁን ግን ወይ ኤረር ይመጣል፣ ወይ ባዶ ደብዳቤ ይወጣል፣ ወይ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው።

ምሳሌዬ የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚያወጣ የሰው ኃይል ዳታቤዝ ነው። የእናንተ ሰርተፊኬት ወይም ውል ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ያዙልኝ። እንዲህ ያለ ኮድ አራት ሥራ ይሠራል፦ ዳታውን ያነባል፣ ወርድን ይከፍታል፣ ቴምፕሌቱን (የደብዳቤውን ባዶ ቅጽ) ይሞላል፣ ፋይሉን ሴቭ ያደርጋል። የትኛው ላይ እንደቆመ ሳታውቁ ኮዱን ከነካካችሁ ደህናውንም ታበላሻላችሁ። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ።

የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ ጽፌአቸዋለሁ። ኮዱ ውስጥ የሚገቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የዳታቤዙ ኮፒ። ዋናው ላይ አትሞክሩ።
- የቴምፕሌቱ ኮፒ።
- ባዶ የሙከራ ፎልደር። ሲ ድራይቭ ላይ፣ ስሙ አጭር፣ በእንግሊዝኛ ፊደልና ያለ ክፍተት ቢሆን ይመረጣል። አማርኛ ስም የሚያመጣውን ችግር ደረጃ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።
- ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ወርድ። በብሮውዘር የሚከፈተው ወርድ ከቪቢኤ (አክሰስ ውስጥ ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ) ኮድ አይታዘዝም።
- ሦስት የሙከራ ሪከርዶች፦ ሁሉም ነገር የተሞላለት አንድ ሰው፣ ብዙ ፊልድ ባዶ የሆነበት አንድ ሰው፣ እንዲሁም የሥራ ዝርዝሩ በጣም ረጅም የሆነ አንድ ሰው።
- ወረቀትና እስክሪብቶ። የኤረሩን ቁጥር ለመጻፍ ነው። «የሆነ ኤረር ይላል» የሚል ጥያቄ ማንም ሊመልስላችሁ አይችልም።

ማስጠንቀቂያ

ወርድ ላይ የከፈታችሁት ሌላ ሥራ ካለ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉት። ወደኋላ ላይ ወርድን በታስክ ማናጀር በግድ የምንዘጋበት ቦታ አለ። ያኔ ሴቭ ያልተደረገ ደብዳቤ ይጠፋል።

በሙከራ የወጣ ደብዳቤ ፕሪንት አይደረግ፣ ለማንም አይላክ። የሰው ደመወዝ የያዘ የተሳሳተ ደብዳቤ ማኅተም ተመትቶበት ከወጣ በኋላ መመለስ ከባድ ነው።

ደረጃ 1፦ የተደበቀውን ኤረር አውጡት

ኮዱን ክፈቱ (ኦልት ኤፍ 11)። «ኦን ኤረር ሪዝዩም ኔክስት» የሚል መስመር ፈልጉ። ትርጉሙ «ስህተት ቢፈጠር ዝም ብለህ ቀጥል» ነው። ብዙ ሰው ኤረር ሲያስቸግረው ይህን መስመር ከላይ ይለጥፍና ተገላገልኩ ይላል። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ኮድ ሳይ ነው የምፈራው።

ለምን እንደሆነ ላሳያችሁ። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ደመወዝ 18,500 ብር ነው። ኮዱ አነበበው፤ ደመወዝ የሚባለው ቫሪያብል (ኮዱ ዋጋ ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ) ውስጥ አስቀመጠው፤ ደብዳቤው በትክክል ወጣ። ሁለተኛው ሠራተኛ ደመወዙ ገና አልተመዘገበም፤ ፊልዱ ባዶ ነው። ኮዱ ባዶውን ቫሪያብሉ ውስጥ ሊያስገባ ሲል ኤረር 94 ተፈጠረ። ግን «ዝም ብለህ ቀጥል» ተብሏል፤ ቀጠለ። ቫሪያብሉ ውስጥ ያለው አሁንም 18,500 ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያዋን ደመወዝ ይዞ ወጣ። ኤረር የለም፣ ደብዳቤው ያምራል፣ መረጃው ግን የሌላ ሰው ነው።

መስመሩን አጥፍቶ መሄድ ሁልጊዜ አይቻልም። አንዳንድ ቦታ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦ ከኮድ መጻፊያው «ቱልስ» ውስጥ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ጄኔራል» ግቡ። «ኤረር ትራፒንግ» ከሚለው ሥር «ብሬክ ኦን ኦል ኤረርስ» የሚለውን ምረጡ። አሁን የትኛውም መስመር ኤረሩን ሊደብቅ አይችልም። ኮዱን ስታስኬዱት ችግሩ ያለበት መስመር ላይ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። ቁጥሩንና መስመሩን ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ኮዱ መሮጥ ራሱ ይችላል?

በተኑ ሲጫን ምንም ነገር ካልሆነ፣ ኤረርም ካልመጣ፣ ኮዱ ጭራሽ አልተነሳም ማለት ነው። ኤረር ቢመጣም ገና ከመጀመሪያው፣ ተራ መስመር ላይ ከሆነ ኮዱ መሮጥ አልቻለም። ሁለት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ፋይሉ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ ከሆነ ዊንዶውስ ምልክት ያደርግበትና ማክሮው ይታገዳል። ማይክሮሶፍት ከ2022 ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠበቅ አድርጓል። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «አንብሎክ» የሚል ሳጥን ካለ ምልክት አድርጉበት። ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል ከሆነ ግን ተዉት።

ሁለተኛ፣ ኮድ መጻፊያው ውስጥ «ቱልስ» ከዚያ «ሬፈረንስስ» (ኮዱ የሚጠቀምባቸው ላይብረሪዎች ዝርዝር) ክፈቱ። ከዝርዝሩ አንዱ ፊት ለፊቱ «ሚሲንግ» የሚል ከተጻፈበት በሽታው ተገኝቷል። ይህ የሚሆነው ዳታቤዙ ኦፊስ 2016 ያለው ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ ኦፊስ 2010 ወዳለው ሲሄድ ነው። ኮዱ የሚፈልገው የወርድ ላይብረሪ እዚያ የለም። ሰው የሚያሳስተው ግን ምልክቱ ነው። ኤረሩ ከወርድ ጋር ምንም በማይገናኝ መስመር ላይ፣ ለምሳሌ «ሌፍት» ወይም «ዴት» በሚል ተራ ፈንክሽን ላይ ይመጣል።

መፍትሔው ሬፈረንሱን ማንሳትና ወርድን «ክሪኤት ኦብጀክት» በሚለው መጥራት ነው፤ ቫሪያብሎቹን ደግሞ «ኦብጀክት» ብላችሁ ታውጃላችሁ። ያኔ ኮዱ የትኛውም የኦፊስ ቨርዥን ላይ ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሬፈረንሱ ሲነሳ በ«ደብልዩ ዲ» የሚጀምሩት የወርድ ቋሚ ስሞች ትርጉማቸውን ያጣሉ። በስማቸው ፈንታ ቁጥራቸውን ጻፉ፦ ለዶክኤክስ 12፣ ለፒዲኤፍ 17። ይህን ካልቀየራችሁና ሞጁሉ አናት ላይ «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» ከሌለ፣ ኮዱ ስሙን እንደ ባዶ ቫሪያብል ይቆጥረዋል። ባዶ ማለት 0 ነው፤ 0 ደግሞ የድሮው የወርድ ፎርማት ነው። ስሙ ፒዲኤፍ የሆነ፣ ውስጡ ግን የወርድ ፋይል ይወጣና «ፒዲኤፉ አልከፍት አለ» ትላላችሁ።

ስለዚህ «ኦፕሽን ኤክስፕሊሲት» ጨምሩ፤ ከዚያ «ዲባግ» ውስጥ «ኮምፓይል» በሉ። ያልታወጀውን ስም ሁሉ ያሳያችኋል።

ደረጃ 3፦ ወርድን ትታችሁ ዳታውን ብቻ ፈትሹ

ወርድን የሚነኩትን መስመሮች በሙሉ ፊታቸው ላይ ነጠላ ጥቅስ እያደረጋችሁ ለጊዜው አስተኟቸው። በምትካቸው «ዲባግ ፕሪንት» ተጠቅማችሁ የሠራተኛውን መለያ ቁጥርና የፊልዶቹን ይዘት አውጡ። ውጤቱ ኮንትሮል ጂ ሲጫን በሚከፈተው «ኢሚዲየት» መስኮት ላይ ይታያል። ይህን የምናደርገው ዳታው ሳይስተካከል የወርዱን ኮድ ማየት ጊዜ ማባከን ስለሆነ ነው።

እዚህ መስኮት ላይ የአማርኛ ስሞች የጥያቄ ምልክት ሆነው ቢታዩ አትደንግጡ። ኮድ መጻፊያው ዩኒኮድ (አማርኛን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚይዝ አሠራር) አያሳይም። ዳታው ደህና ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫውን ደረጃ 6 ላይ እናደርገዋለን።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚመጡት ኤረሮች፦

ኤረር 3061። «ኩዌሪውን ደብል ክሊክ ሳደርገው ይከፈታል፤ ከኮድ ስጠራው ግን 3061 ይለኛል።» ኩዌሪው (ዳታውን መርጦ የሚያወጣው ጥያቄ) ውስጥ ፎርም ላይ ካለ ሳጥን የሚነበብ መስፈርት ሲኖር ነው። ደብል ክሊክ ስታደርጉ አክሰስ ራሱ ከፎርሙ ያነብላችኋል። «ኦፕን ሪከርድሴት» ግን ፎርሙን አያየውም። ዋጋውን ከፎርሙ አንብባችሁ በኮዱ ለኩዌሪው ፓራሜትር ስጡት። የፊልድ ስም በተሳሳተ ፊደል ሲጻፍም ይኸው ቁጥር ነው የሚመጣው።

ኤረር 3021። የተገኘ ሪከርድ የለም። ከማንበባችሁ በፊት «ኢኦኤፍ» (የሪከርዶቹ መጨረሻ) መሆኑን ፈትሹ። ሰው እያለ የለም ካላችሁ መስፈርቱን እዩ። በስም የምትፈልጉ ከሆነ አንዱ «ሠራተኛ»፣ ሌላው «ሰራተኛ» ብሎ አስገብቶ ይሆናል። ለኛ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በመለያ ቁጥር ፈልጉ።

ኤረር 94። ባዶ ፊልድ። «ኤን ዜድ» በሚለው ፈንክሽን ባዶውን በባዶ ጽሑፍ ተኩት። ደመወዝ ላይ ግን በ0 አትተኩ። «ደመወዝዎ 0.00 ብር» የሚል ደብዳቤ ከኤረር ይብሳል። ያ ሰው ተዘሎ ስሙ ዝርዝር ላይ ቢወጣ ይሻላል።

ኤረር 3075። ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈ ስም ነው የሚመጣው። «መዓዛ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል መሃሏ ላይ አፖስትሮፍ አድርገው የሚጽፉ አሉ። ያቺ ምልክት ኤስኪውኤሉን (ኩዌሪው የተጻፈበትን ትዕዛዝ) ቦታው ሳይደርስ ትዘጋዋለች። «ሪፕሌስ» ተጠቅማችሁ አንዱን አፖስትሮፍ በሁለት ተኩት።

ቀን። ይሄኛው ኤረር ሳያሳይ ነው የሚያሳስተው። አክሰስ ኤስኪውኤል ውስጥ በሁለት የፓውንድ ምልክት መሃል የገባ ቀንን በአሜሪካ አጻጻፍ ነው የሚያነበው፤ ወር ይቀድማል። እናንተ ጁላይ 5 ለማለት 05/07/2024 ካላችሁ እሱ ሜይ 7 ብሎ ያነበዋል። 25/07/2024 ካላችሁ ግን 25 የሚባል ወር ስለሌለ ገልብጦ በትክክል ያነብላችኋል። ስለዚህ ኮዱ ከወሩ 13ኛ ቀን ጀምሮ ይሠራል፤ ከ1 እስከ 12 ይሳሳታል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» ከተባልኩ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው። ቀኑን ወደ ኤስኪውኤል ስታስገቡ «ፎርማት» ተጠቅማችሁ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ከሰረዝ ጋር አድርጉት።

ደብዳቤው የኢትዮጵያ ቀን የሚፈልግ ከሆነ ዓመቱ ላይ 8 መቀነስ አይበቃም። መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12, 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11, 2024። የመቀየሪያ ፈንክሽን ያስፈልጋል፣ ወይም የኢትዮጵያው ቀን በራሱ ፊልድ ይመዝገብ።

የተቆረጠ ጽሑፍ። ረጅም የሥራ ዝርዝር 255ኛው ፊደል ላይ ከተቆረጠ ኩዌሪውን እዩ። «ዲስቲንክት»፣ «ግሩፕ ባይ» ወይም «ዩኒየን» ካለበት አክሰስ ረጅሙን ጽሑፍ ይቆርጠዋል። ረጅሙን ፊልድ ከዚያ ኩዌሪ አውጥታችሁ ለብቻው አንብቡት።

ደረጃ 4፦ ወርድ መከፈቱን አረጋግጡ

ዳታው ደህና ከሆነ የወርዱን መስመሮች መልሷቸው። ከሁሉ በፊት የወርዱን «ቪዝብል» ትሩ አድርጉት። ወርድ ተደብቆ ሲሠራ የሚያወጣው ጥያቄም («ሴቭ ላድርግ?»፣ «ፋይሉ ሌላ ሰው ጋ ተከፍቷል») አብሮ ይደበቃል። እናንተ ኮዱ ሃንግ አደረገ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ወርድ ደግሞ የእናንተን መልስ ይጠብቃል።

ከዚያ ኤፍ 8 እየተጫናችሁ መስመር በመስመር ሂዱ።

ኤረር 429 «ጌት ኦብጀክት» ላይ ከመጣ ወርድ አልተከፈተም ማለት ብቻ ነው። ጌት ኦብጀክት ክፍት የሆነውን ይይዛል፤ ክሪኤት ኦብጀክት አዲስ ይከፍታል። የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ክፍቱን መፈለግ፣ ከሌለ አዲስ መክፈት ነው። ያቺ ኤረር መደበቂያ መስመር በትክክል የምትፈለገው እዚህ ጋ ነው፤ ግን ወዲያው ከሥሯ «ኦን ኤረር ጎቱ ዜሮ» ብላችሁ ዝጓት። ደረጃ 1 ላይ የመረጣችሁት ቅንብር እዚህ መስመር ላይ እያቆመ ካስቸገራችሁ ለፈተናው ጊዜ ወርድን ቀድማችሁ ክፈቱት። ክሪኤት ኦብጀክት ላይ 429 ከመጣ ግን ወርድ አልተጫነም ወይም አጫጫኑ ተበላሽቷል። ኦፊስን ሪፔር አድርጉት።

ኤረር 462 የታወቀ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ በተኑን ስትጫኑ ይሠራል። ሁለተኛ ስትጫኑ 462። አክሰስን ዘግታችሁ ስትከፍቱ እንደገና ይሠራል። ምክንያቱ ኮዱ ውስጥ የሆነ ቦታ ባለቤቱ ሳይጠቀስ «አክቲቭ ዶክዩመንት» ወይም «ሴሌክሽን» ተብሎ መጻፉ ነው። የማን ሴሌክሽን? ስላልተነገረው አክሰስ በራሱ ሌላ የተደበቀ ግንኙነት ከወርድ ጋር ይፈጥራል። የመጀመሪያው ወርድ ሲዘጋ ያ ግንኙነት የሞተ ወርድን እንደያዘ ይቀራል። እነዚህን ቃላት በኮንትሮል ኤፍ ፈልጉና እያንዳንዱ ፊት የወርድ ቫሪያብላችሁን ስምና ነጥብ ጨምሩ። አንድም አትዝለሉ፤ አንዷ ብቻ ብትቀር ኤረሩ ይመለሳል።

ታስክ ማናጀር ክፈቱና «ዲቴይልስ» ውስጥ ዊንወርድ የሚል ስም ስንት ጊዜ እንዳለ እዩ። ወርድ ስክሪኑ ላይ ሳይታይ እዚያ ተደርድሮ ካገኛችሁት፣ ኮዱ መሃል ላይ እየተቋረጠ ወርድን ሳይዘጋ ጥሎት እየሄደ ነው። ቴምፕሌቱንም ቆልፈው ይዘውት ይሆናል። «ኤንድ ታስክ» በሏቸው። ኮዱ ላይ ደግሞ ኤረር ቢመጣም ባይመጣም ወርድን «ክዊት» የሚያደርግ ክፍል መጨረሻ ላይ ይኑር። ልብ በሉ፦ ተጠቃሚው ራሱ ከፍቶት የነበረውን ወርድ ግን አትዝጉበት።

ደረጃ 5፦ ቴምፕሌቱን ፈትሹ

«ምንም አልነካሁም» ከሚለው አቤቱታ ብዙው የሚፈታው እዚህ ነው። እናንተ አልነካችሁም። ግን ጸሐፊዋ የድርጅቱን አዲስ አድራሻ ለማስተካከል ቴምፕሌቱን ከፍታለች። አንድ መስመር ስትሰርዝ ቡክማርኩም (ኮዱ ጽሑፍ የሚያስገባበት የተሰየመ ቦታ) አብሮ ሄዷል። ቡክማርክ በተለምዶ አይታይም፤ እሷ በምን ታውቃለች?

እንዲታይ አድርጉት፦ ወርድ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድቫንስድ»፣ ከዚያ «ሾው ቡክማርክስ»። ጽሑፍ የያዘው ቡክማርክ በቅንፍ ተከቦ ይታያል፤ ነጥብ ብቻ የሆነው ቀጥ ያለ ሰረዝ መስሎ ይታያል።

ኤረር 5941 ማለት የተጠራው ነገር የለም ማለት ነው፦ ቡክማርኩ፣ ወይም የሰንጠረዡ ሴል። ስሙ አንድ ፊደል ቢሳሳት ይበቃል። ከመጻፋችሁ በፊት «ቡክማርክስ ኤግዚስትስ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለ የጠፋውን ስም ለተጠቃሚው ንገሩት።

የመጀመሪያው ሰው ደብዳቤ በትክክል ወጥቶ ሁለተኛው ላይ 5941 ከመጣ ሌላ ነገር ነው። ኮዱ አንድ ዶክዩመንት ከፍቶ በሎፕ እየደጋገመ እየሞላው ነው። ጽሑፍ የያዘ ቡክማርክ ላይ አዲስ ጽሑፍ ሲጻፍበት ቡክማርኩ ይጠፋል። ነጥብ የሆነው ደግሞ አይጠፋም፤ ግን የሁለት ሰው ስም ተጣብቆ ይወጣል። ስለዚህ ሎፑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው «ዶክዩመንትስ አድ» ብላችሁ ከቴምፕሌቱ አዲስ ዶክዩመንት አውጡ። «ኦፕን» አትበሉ። ኦፕን ቴምፕሌቱን ራሱን ይከፍታል፤ አንድ ቀን ተሳስታችሁ ሴቭ ስታደርጉት ቴምፕሌታችሁ የአንድ ሰው ደብዳቤ ሆኖ ይቀራል።

በቡክማርክ ፈንታ ቃል ፈልጋችሁ የምትተኩ ከሆነ ሁለት ወጥመድ አለ። የሚተካው ጽሑፍ ከ255 ፊደል ከበለጠ ኤረር 5854 ይመጣል። ለረጅም ጽሑፍ ቃሉን ፈልጉና የተገኘበትን ቦታ «ሬንጅ ቴክስት» በቀጥታ ቀይሩት፤ ያ ገደብ የለውም። ሌላው፣ ተራ ፍለጋ ሄደርና ፉተር ውስጥ አይገባም። የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ሄደር ላይ ከሆኑ ሳይሞሉ ይቀራሉ። «ስቶሪ ሬንጅስ» የሚባሉትን (የዶክዩመንቱን ክፍሎች፦ ዋናው ጽሑፍ፣ ሄደር፣ ፉተር) ሁሉ በሎፕ ማዳረስ አለባችሁ።

ሰንጠረዥ ላይ 5991 ከመጣ ወደታች የተዋሃዱ ሴሎች አሉ። ወርድ እንዲህ ባለ ሰንጠረዥ አንዱን ረድፍ ለይቶ አይሰጥም። ለማሳመር ተብለው የተዋሃዱትን ሴሎች በትኗቸው። ብዙ ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ በጣም ከዘገየ ደግሞ ሴል በሴል ከመሙላት ጽሑፉን በታብ እየለያችሁ አንዴ አስገቡና «ኮንቨርት ቱ ቴብል» በሉት።

ደረጃ 6፦ አማርኛው ሲበላሽ

ሰው ሁሉ «ፎንት ነው» ይላል። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው ፎንት። የምታዩትን ለዩ፦

የጥያቄ ምልክቶች፣ ትናንሽ ሳጥኖች፣ ወይም ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝባዝንኬ?

በዓይን መገመት ትታችሁ ኮምፒውተሩን ጠይቁት። የአንድ ሰው ስም የመጀመሪያ ፊደል ላይ «አስክ ደብልዩ» የሚለውን ፈንክሽን ተጠቀሙና ውጤቱን ኢሚዲየት መስኮት ላይ አውጡት። ቁጥር ስለሆነ እዚያ በትክክል ይታያል።

ከ4608 እስከ 4991 ባለው መሃል ከሆነ ፊደሉ እውነተኛ የግዕዝ ፊደል ነው፤ ዳታው ጤነኛ ነው። 4608 «ሀ» ነው። ወርድ ላይ ሳጥን ካያችሁ ያኔ ነው ነገሩ ፎንት የሚሆነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ በአማራጭ የሚጫን ሆኗል፤ ኢብሪማ ግን አብሮ አለ። ፎንቱን በኮድ ከመቀያየር ቴምፕሌቱ ስታይል ላይ አስተካክሉት። ደብዳቤው ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ከሆነ በፒዲኤፍ አውጡት።

63 ካላችሁ እውነተኛ የጥያቄ ምልክት ነው። ፊደሉ የለም፤ ፎንት ብትቀያይሩ አይመለስም። የጠፋው ዳታው ሲገባ ነው። ሰንጠረዡ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆነ ኮለሙ «ቫርቻር» ሆኖ ይሆናል፤ «ኤንቫርቻር» መሆን አለበት። ከሲኤስቪ የገባ ከሆነ ሲኤስቪው ራሱ ሲቀመጥ በዩኒኮድ አልተቀመጠም ይሆናል። ምንጩን አስተካክላችሁ ዳታውን እንደገና አስገቡ።

225 ካወጣና ዳታው ከሲኤስቪ የገባ ከሆነ ኢምፖርቱ ላይ ኮድ ፔጁ (የፊደል ኮድ ምርጫው) 65001 መሆን ነበረበት፤ እንደገና አስገቡት። ከዚህ ውጭ ከ256 በታች የሆነ ሌላ ቁጥር ካወጣ ዳታው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም። ውስጡ የላቲን ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ለዛሬ ደብዳቤው ላይ ያንኑ የድሮ ፎንት ብታደርጉ ይታያል። ግን ዳታውን ወደ ዩኒኮድ እስክትቀይሩት ድረስ ፍለጋም ሆነ ቅደም ተከተል ያስቸግራችኋል።

ዳታው ጤነኛ ሆኖ፣ የጥያቄ ምልክት የሆነው «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ጉዳዩ፦» የሚሉት ቋሚ ቃላት ብቻ ከሆኑስ? ኮዱ ውስጥ በአማርኛ ተጽፈው ነበር ማለት ነው። ኮድ መጻፊያው አማርኛን ስለማይዝ ገና ስትለጥፉት ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀየራል። ቋሚውን ቃል ቴምፕሌቱ ላይ ጻፉት፣ ወይም ትንሽ ሰንጠረዥ ውስጥ አስቀምጡና ከዚያ አንብቡት። የግድ ኮዱ ውስጥ ካስፈለገ «ሲ ኤች አር ደብልዩ» አለ፤ «አቶ» ለማለት 4768ን እና 4726ን ማያያዝ ነው። ለአንድ ቃል ይሆናል፤ ለሙሉ ዓረፍተ ነገር አትልፉ።

ደረጃ 7፦ ሴቭ ሲደረግ የሚመጣ ጣጣ

ኤረር 5152 የፋይሉ ስም ልክ አይደለም ማለት ነው። እኛ ጋ ዋናው ምክንያቱ የደብዳቤ ቁጥር ነው። ፋይሉን «ሰሀ/045/2017» ብላችሁ ስትሰይሙ ዊንዶውስ እዝባሩን የፎልደር መለያ ያደርገዋል፤ «ሰሀ» የሚባል ፎልደር ሲፈልግ ያጣል። «ወ/ሮ» ስም ውስጥ ከገባችም ያው ነው። እዝባር፣ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክትና ድርብ ጥቅስ በሙሉ በሰረዝ ይተኩ።

ኤረር 5153 በዚያው ስም የተከፈተ ዶክዩመንት አለ ማለት ነው። ሁለት ሠራተኞች ስማቸው እስከ አያት አንድ ሊሆን ይችላል። ስሙ ላይ መለያ ቁጥር ጨምሩ።

ፋይሉ አስቀድሞ መኖሩን በ«ዲር» የምትፈትሹ ከሆነ በአማርኛ የተሰየመ ፋይልን በትክክል አያነብም። «ፋይል ሲስተም ኦብጀክት» ያነባል። እሱን መጠቀም ወይም ፋይሉን በቁጥር ብቻ መሰየም ነው።

ፎልደሩም ሆነ ቴምፕሌቱ «ዜድ ድራይቭ» ላይ ተብሎ ኮዱ ውስጥ ከተጻፈ፣ ዜድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ አይሠራም። ቴምፕሌቱን ከዳታቤዙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና መንገዱን «ከረንት ፕሮጀክት ፓዝ» ብላችሁ ጥሩት።

ደረጃ 8፦ ሦስቱን ሰዎች አስኪዱ

መጀመሪያ ያዘጋጃችኋቸውን ሦስት ሪከርዶች በተከታታይ ሁለት ጊዜ አስኪዱ። ሁለት ጊዜ የምትሆነው ለ462 ነው። ባዶ ፊልድ የነበረበት ሰው ሁሉም ነገር ከተሞላለት ሰው ቀጥሎ ይምጣ፤ የሌላ ሰው መረጃ ከተላለፈ ያኔ ይታያችኋል። ከዚያ ቪዝብሉን ወደነበረበት፣ ኤረር ትራፒንጉን ወደ «ብሬክ ኦን አንሃንድልድ ኤረርስ» መልሱ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- የሰዎችን ብዛት «ሪከርድ ካውንት» ብሎ ወዲያው መጠየቅ። ብዙ ጊዜ 1 ይላችኋል፤ እስካሁን የደረሰበትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። «ሙቭ ላስት» ከዚያ «ሙቭ ፈርስት» በሉ፣ ወይም እስከ ኢኦኤፍ ድረስ ሎፕ አድርጉ።
- «ሙቭ ኔክስት» መርሳት። የአንድ ሰው ደብዳቤ ያለማቋረጥ ይወጣል። ኮንትሮል ብሬክ ያቆመዋል።
- ስልክ ቁጥርን በቁጥር ዓይነት ፊልድ መያዝ። 09 ላይ ያለው 0 ይጠፋል። አጭር ጽሑፍ አድርጉት።
- ከሰንጠረዥ ሴል ያነበቡትን ጽሑፍ እንዳለ ማወዳደር። መጨረሻው ላይ ሁለት የማይታዩ ምልክቶች አሉ፤ ቆርጣችሁ ነው የምታወዳድሩት።
- ሦስት ነገር በአንዴ ቀይሮ መሞከር። ቢሠራ እንኳ የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅም።
- እርዳታ ሲጠይቁ የስክሪኑን ፎቶ ቆርጦ መላክ። የኤረሩን ቁጥር፣ ቢጫ የሆነውን መስመርና የኦፊሱን ቨርዥን ላኩ።